የግድግዳው ሰዓት

ከቀብር መልስ በሟቿ ሳሎን፣ የቤተ ክርስቲያን ባልንጀራቸው የሆኑ አሮጊት «ነፍሷን ይማርና፣ ቤተ ክርስቲያን ቀድማን የደረሰችው ዛሬ ገና ነው» ሲሉ ለቀስተኛው በእንባው መሀል ሳቀ። የሟቿ የልጅ ልጅ ግን አልሳቀችም። እሁድ እሁድ አያቷን በመኪና የምታደርሳቸው እሷ ነበረች፤ እንቅልፍ ስለሚበልጥባት የሳሎኑን የግድግዳ ሰዓት ወደ ኋላ የመለሰችውም እሷው ነበረች።

ፊቷን ለመደበቅ ከሟቿ ቦርሳ ውስጥ መሐረብ ስትፈልግ፣ እጇ አንድ ትንሽ የእጅ ሰዓት ይዞ ወጣ። ሰዓቱ ይሠራል፤ ልክም ነበር።

«እማማ፣ ይሄ የማነው?» አለቻቸው የአያቷን ባልንጀራ።

«የራሷ ነዋ! ‹ሰዓት በቦርሳሽ ይዘሽ ምን ያስረፍድሻል?› ስላት፣ ‹ልጄ ትንሽ ትተኛ ብዬ ነው› ትለኝ ነበር።»

አጠገቧ የተቀመጠችው አክስቷ ወደ ግድግዳው ሰዓት ቀና ብላ «ለመሆኑ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለች።

«እሱን አትይው፣ አክስቴ» አለች ልጅቷ። «እኔ ነካክቼዋለሁ።»