የመጀመሪያው ክሊክ

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወይዘሮ ስንዱ «ይህ የፋይል ፕሮግራም አደገኛ ነው፤ ይስተካከልልን» ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ስትደውል፣ ኃላፊው ራሱ ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። ከወንበሯ አስነሥቶ ተቀመጠ። ማውስ መያዝ ለማትችል አሮጊት ብሎ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣቱ አንገብግቦታል።

ስክሪኑ ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ የከተማው የቤት ካርታዎች፣ በቀኝ አንድ የማይረባ ትርፍ ፎልደር።

«ጌታዬ፣ የመጀመሪያውን ክሊክ አይቆጥረውም። ቀኙን ቢነኩም ምርጫው ግራው ላይ ይቀራል። ሁለቴ ካልነኩት...»

«ዛር ሰፍሮበታል በይኛ!» ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ገንጥሎ ጨመደደው። «ይሄ ደግሞ ክታቡ መሆኑ ነው?» ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ወረወረው።

ትርፉን ፎልደር አንዴ ነካና «አጥፋ» የሚለውን ተጫነ። ኮምፒውተሩ እርግጠኛ መሆኑን ቢጠይቀው፣ ሳያነብ «አዎ» አለ።

«አየሽ? ይኸው ነው!»

ትርፉ ፎልደር ከነበረበት አልተነቃነቀም። ካርታዎቹ የነበሩበት ግራው ግን ባዶ ሆነ።

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ቢሆንም ጩኸቱ አልጠፋበትም። «እንዲህ ያለ ነገር በቃል ይነገራል? ለምን በደብዳቤ አልተገለጸም?»

ወይዘሮ ስንዱ ጎንበስ ብላ የተጨማደደውን ወረቀት አነሣች፤ በመዳፏ ዳብሳ አቃናችውና በሁለት እጇ ሰጠችው።

«ለሁሉም ቅርንጫፎች» ይላል አናቱ፤ «ሁለቴ ሳትነኩ እንዳታጠፉ።»

ግርጌው ላይ ክብ ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ አጠገብ የራሱ ፊርማ።