ዋስ ሲነሳ

መርሳ ገበያ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ሠላሳ ዓመት የተቀመጠች መሪማ ናት። ሠራተኛ የቸገረውም፣ ሥራ የቸገረውም እሷ ዘንድ ይመጣል። ማንጎ ለቃሚ፣ ለሲሪንቃ ማሳ አራሚ፣ ለወልድያ ሰዎች የቤት ሠራተኛ፤ ሁሉንም ዓይን ዓይኑን አይታ ትመድበዋለች። "ዋሱ እኔ ነኝ" ካለች አሠሪ ሌላ አይጠይቅም። "ዋስትናዬን አንስቻለሁ" ካለች ደግሞ ያ ሰው ከግራና ከተማ እስከ ወልድያ በር የሚከፍትለት የለም። ለምን አነሳሽ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው።

ፊደል ላይ ግን እምብዛም ናት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የራሷን ስም መጻፍና ማንበብ ቻለችና "ይበቃኛል፤ የሌላውን ስም ባለቤቱ ያንብበው" ብላ ከወንበሩ ተነሳች።

ዘንድሮ አዲስ ነገር መጣ። ሰውና ሥራ የሚያገናኝ ሁሉ ወልድያ ሄዶ ይሠልጥን፣ ሰርተፍኬት ይያዝ፤ ያልያዘ ከተቀመጠበት ይነሳ ተባለ። መሪማ ልትመዘገብ ሄደች።

"ስንተኛ ክፍል ነዎት እማማ?" አላት መዝጋቢው።

"ሠላሳኛ።"

መዝጋቢው ሳቀ። አሥረኛ ክፍል ያልጨረሰ አይሠለጥንም።

ስለዚህ ሀስናን ላከቻት። ሀስና እናት አባቷ ሞተውባት ከግራና ያመጣቻት፣ አሳድጋ ያስተማረቻት ልጅ ናት። "ወረቀቱ ያንቺ፣ አፉ የኔ" አለቻት። "ከዋርካው ሥር አብረን እንቀመጣለን።"

"ኢንሻአላህ፣ እማ።"

ሥልጠናው ሁለት ወር ነው። የመጨረሻው ፈተናም የወረቀት አይደለም፤ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ሥራ ላጣ አንድ ሰው ሥራ ማስገኘት አለበት።

መጀመሪያ ሰሞን ሀስና ማታ ስትመለስ የተማረችውን ሁሉ ታወራ ነበር። በኋላ ወሬውን ተወች። ደብተር ይዛ መጠየቅ ብቻ ሆነ ሥራዋ።

"እማ፣ ክፉ አሠሪ በምን ይለያል?"

"ስለ ቀድሞዋ ሠራተኛው ጠይቂው። የሷን ስም ከረሳው ልጅ አትስጪው።"

ሀስና ጻፈች።

"ከሥራዎ የትኛውን ይወዳሉ?"

"ይህን ጥያቄሽን ስታቆሚ ደስ ይለኛል።"

እሱንም ጻፈች። "ከዋርካው ቢነሱስ ምን መሥራት ይፈልጋሉ?"

መሪማ ቀና አለች። "ማን ሊያነሳኝ ነው?"

"እንዲያው ነው፣ እማ።"

እንዲያው የሚባል ነገር የለም። መሪማ ያን ቀን እራቷን ሳትጨርስ ተኛች።

በሌላ ቀን "ፈተናሽስ? ሥራ ያጣ ሰው አገኘሽ?" አለቻት።

"አንዲት ሴት አግኝቻለሁ። ግን ኩሩ ናት፤ ቸገረኝ ብላ አትናገርም።"

"ኩራት እራት አይሆንም በያት።"

ሀስና ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ከደብተሩ መሃል አንድ የተጻፈበት ወረቀት አወጣች። "እማ፣ እዚህች ጋ ስምዎን ይጻፉልኝ።"

"ምንድን ነው?"

"ኋላ እነግርዎታለሁ።"

ሌላው በጣቱ ሲፈርም እሷ በእስክሪብቶ መፈረሟ ኩራቷ ነውና አልጠየቀችም። ጻፈችላት።

በሳምንቱ ባጃጅ ነጂው ኡበይደላ ዋርካው ሥር ቆመ። "እማ መሪማ፣ ቦታውን ለቀቁት እንዴ?"

"ማን ነው ያለህ?"

"ሀስና ናታ። 'ከሰኞ ጀምሮ እማ እዚህ አይቀመጡም፣ እኔ ነኝ የምቀመጠው' ብላ ለቀበሌው ስትናገር በጆሮዬ ሰማሁ፣ ወላሂ።"

መሪማ የፈረመችው ወረቀት ትዝ አላት። ደሟ ፈላ። "ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ" አለች። ሀስናን ጠርታ አልጠየቀቻትም። ያሳደገችውን ልጅ 'ቀማሽኝ ወይ' ብላ መጠየቅ ልመና መሰላት።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ወልድያ ወረደች። የሥልጠናው ቤት በር ላይ ፈተናውን ያለፉ ሠልጣኞች ስም ተለጥፏል፤ ተቃውሞ ያለው ሰው እስከ ዓርብ ይቅረብ ተብሏል። ጽሑፉን ዘበኛው ነው ያነበበላት። ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ውስጥ ዮናስ የሚባል ተቃውሞ መርማሪ ተቀምጧል።

"ሀስና ላይ ተቃውሞ አለኝ።"

"የተቃዋሚ ስም አንጠይቅም፣ እማማ። ምን አጠፋች?"

"ዋሷ ነበርኩ። አንስቻለሁ።"

ዮናስ መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ልጅ ነው፤ 'ለምን?' አላላትም። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ያስቡበት። ማኅተም ካረፈበት አይመለስም።"

"እኔም ከተናገርኩ አልመለስም።"

ከሀስና ፋይል የፊተኛው ገጽ ላይ የመሰረዣ ማኅተሙን መታ። መሪማ ሻሿን አጥብቃ ልትነሳ አለች።

"ያሳዝናል" አለ ዮናስ ፋይሉን እያገላበጠ። "የሌሎቹ ሠልጣኞች ሰዎች ያገኙት የጉልበት ሥራ ነው። የሷ ግን እዚሁ አሠልጣኝነት ነበር። ክፍል ያልቆጠረ ሰው አሠልጣኝ አናደርግም ብንላት፣ ስድስት ጊዜ ተመላልሳ፣ ሴትየዋ የተናገረችውን ሁሉ ደብተር ሙሉ ጽፋ አምጥታ አሳመነችን። ሰኞ ልትጀምር ነበር። ሠልጣኝ ከወደቀ ግን ያስገኘውም ሥራ ይሰረዛል።"

"ማን ናት ሴትየዋ?"

"ስሟን በእጇ ጽፋለች፤ ይኸው።" የመጨረሻውን ገጽ አዙሮ ሰጣት።

መሪማ አነበበችው።