ልቧን የሚያውቀው ማን ነው?

አንዲት ቃል ብዋሽ አንደበቴ ይዘጋ፤ የይርዳው ቅናት ሰባት ሰፈር አንድዶ ስምንተኛውን ያሞቃል! ሚስቱ አትጠገብ ከመጻሕፍት መደብር የምትመርጠው ሁሉን አወቅ ተራኪ ያለበትን ልብ ወለድ ብቻ ነው፤ ባለታሪኳ ለባሏ ያልተነፈሰችውን ሳይቀር የሚዘከዝከውን።

«ይሄ ተራኪ የሚሉት ሰውዬ የሰው ሚስት ልብ ውስጥ ምን ይሠራል?» ይላል ይርዳው እየተንገበገበ።

ትናንት እንግዶች ፊት እልሁን ተወጣ። «የሷን ልብ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? የሠርጋችን ዕለት ደጃፏ ስደርስ ፀሐይ እንኳ አፍራ ተሸሸገች! እሷም ቀና ብላ አይታኝ በልቧ፣ ‹ተመስገን፣ የተመኘሁት መጣልኝ!› አለች።»

እንግዶቹ አጨበጨቡ። አትጠገብ ከመጽሐፏ ቀና ሳትል፣ «የኔ ጌታ፣ እንዲያስ አላልኩም» አለች በለሆሳስ። «ያልኩት ‹ምነው ያኛው በመጣ› ነው።»