ውጭ የማያሰማ ሄድፎን

ባለሱቁ ሦስት ሄድፎኖች መስታወቱ ላይ ደረደረላት።

«ይሄ ርካሽ ነው፤ ግን የውጭ ድምፅ ያስገባል። ይሄኛው ጆሮን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል፤ ዋጋውም ብዙ አይጎዳሽም። በስልክ ብቻ ከሆነ ግን ድምፁ ስለሚደክም፣ ይቺን የኪስ አምፕሊፋየር ጨምሪበት።»

«በር ቢንኳኳ ያሰማል?»

«እህቴ፣ ጣራው ቢወርድ አያሰማም!»

«እሱን ስጠኝ» አለች።

ባሏ ዘፈን ይወዳል። አምና እናቷ ሞተው የለቅሶው ድንኳን ገና ሳይነሳ፣ ጓዳ ገብቶ ቴፑን አስጮኸው። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ፤ እሷ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ገብታ ብትለምነው፣ «የኔ እናት አልሞተች!» ብሎ ድምፁን ጨመረበት።

ማታ ስጦታውን ሲያይ ግንባሯን ሳማት። «ዛሬ ደግሞ ምን ታይቶሽ ነው?»

«ቤትህ ውስጥ እንደልብህ እንድትሰማ ብዬ ነዋ።»

በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ፣ እንደ ልማዱ ሳሎን ገብቶ፣ አዲሱን ሄድፎን ጆሮው ላይ አድርጎ ዘፈኑን ከፈተ። በሩ ሲንኳኳ እሷ ከፈተች። የባሏ ታላቅ ወንድምና የዕድሩ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«አልነገርሽውም አይደል?» አለ ወንድሙ በሹክሹክታ። የባሏ እናት ማረፋቸውን ትናንት ቀትር ላይ ደውሎ የነገራት፣ መርዶው በሽማግሌ እስኪነገር ድረስ እንዳይሰማ አደራ ያላት እሱ ነው።

«ምንም አልሰማም» አለችና መንገድ ለቀቀችላቸው።

ባሏ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጮክ ብሎ እየዘፈነ እስክስታ ይመታ ነበር።