የማጥቢያ ሰዓት

መርፌው ጓንቷን በስቶ አውራ ጣቷን ሲወጋት ነርሷ ጮኸች። ደም ስትቀዳ የነበረው ከእማማ ዘርፌ ነው፤ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ ዋርዱ ሁሉ ያውቃል።

«ይቅር በይኝ ልጄ፣ ክንዴ ተንቀጥቅጦብኝ ነው» አሏት።

«ገደሉኝ እኮ!» አለቻቸውና ወደ ቧንቧው ሮጠች። እማማ ዘርፌ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ጣቷን በሳሙና ደጋግማ ካጠበች በኋላ ለእናቷ ደወለች። «እማዬ፣ ልጄን ከእንግዲህ አላጠባውም፤ ጡጦ አለማምጂው። ተመስገን፣ ጠዋት ያጠባሁት ሳልወጋ ነው።»

መከላከያ መድኃኒቱን ከመጀመሯ በፊት የሷም ደም መታየት ስላለበት ላቦራቶሪ ሄዳ ሰጠችና በር ላይ ቆማ ጠበቀች። ባለሙያው ዘግይቶ ወጣ።

«ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ፖዘቲቭ ነው» አላት።

«የእማማ ዘርፌንማ አውቃለሁ። የኔን ንገረኝ።»

«ያንቺን ነው የነገርኩሽ። የዛሬው መወጋትሽ ደግሞ ዛሬ ደም ላይ እንደማይታይ ታውቂያለሽ።»

ነርሷ ግድግዳውን ተደገፈች። የማጥቢያዋ ሰዓት ደርሶ ኖሮ፣ የነጭ ጋውኗ ደረት በወተት ይርስ ጀመር።