ደመናው ሲጠጋ

ደመናው ከባሕሩ ጫፍ ብቅ ሲል ሸጋው የሽርሽር መርከቡ ሰገነት ላይ ከተጋደመበት ወንበር ተስፈንጥሮ ተነሣ። «ሸራ! ሸራው የት ነው?» አለ። ፀሐይ የሚሞቁት ፈረንጆች ዞር ብለው አዩት። ታይቱ ከጎኑ እንደተጋደመች የባሏን የሸሚዝ ጫፍ ጨምድዳ ያዘች። መርከቡ ላይ የምትሠራው ልጃቸው፣ የዘንድሮው ሰሊጥ ተራግፎ እስኪገባ ጠብቃ፣ ከመተማ ድረስ ያስመጣቻቸው እንዲያርፉ ነበር። እሱ ግን ዕድሜ ልኩን ደመና ባየ ቁጥር እንደሮጠ ነው፤ የታጨደ ሰሊጥ ደርቆ አፉን ከከፈተ በኋላ ሸራ ሳይለብስ ዝናብ ካገኘው የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይቀራል።

«ተኛ» አለችው።

«ሊጥል ነው እኮ!»

«ይጣላ! እኔ እንደሆን ጀንበር ሳትጠልቅ ከዚህ ወንበር አልነሣም ብያለሁ፣ አልነሣም። ካንተ እኩል ስሮጥ አይደል የኖርሁ?»

ሸጋው ደመናውንም እሷንም አየ። ቀስ ብሎ ተጋደመ፤ እጆቹ ግን የወንበሩን ጠርዝ አንቀው ቀሩ። ጠብታው ሲጀምር ፈረንጆቹ ፎጣቸውን እየሰበሰቡ ወደ ውስጥ ተሯሯጡ። ልጃቸው ጃንጥላ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ አባዬ፣ ተነሡ እንጂ! በሰበሳችሁ!»

ታይቱ የሸሚዙን ጫፍ ለቀቀችው። ከሄደም ይሂድ፤ እሷ እንደሆነች አትነሣም። ፊቷን ለዝናቡ ሰጥታ ኮቴውን ጠበቀች። ኮቴ አልሰማችም። ቀና ብላ ብታይ ሸጋው ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ወደ ሰማይ ዘርግቷል፤ ውሃው እየተጠራቀመበት ነው።

«ተይን፣ ልጄ» አለ። «ዛሬስ ሌላው ይሩጥ።»