የደነቆረው ጆሮ

ይህ ታሪክ ውሸት ከሆነ ምላሴን ይቁረጠው።

የቅኔ መምህራችን የኔታ ይሻው ከአንጎላቸው ሥር፣ በመስሚያ ነርቫቸው ላይ ዕጢ በቀለባቸው። ሐኪሙ፣ «አንድም እየተከታተልን እንጠብቅ፣ አንድም በጨረር እድገቱን እንግታው፣ አንድም በቀዶ ጥገና እናውጣው፤ ካወጣነው ግን ግራ ጆሮዎ አይሰማም» አላቸው።

«ጆሮዬን ውሰዱና ዕድሜ ስጡኝ» አሉ።

ወጣላቸው። ከዚያ ወዲህ በግራ በኩል መብረቅ ቢወርድ አይሰሙም። እኔም ለቀልድ በዚያው በኩል ተጠግቼ፣ «የኔታ፣ ዕጢው አልወጣም፤ ፋሲካን አያዩም» ብዬ አንሾካሾክሁ።

መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። ግራ ጆሯቸውን ጨብጠው፣ «አንተ! እንዴት አልወጣም? ፋሲካን የማላየው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

ሁሉም እውነት ነው፤ አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ። ያንሾካሾከው እኔ አይደለሁም፤ ገና አፌን አልከፈትሁም ነበር።